ሸክላማ ቀለም ለሐረር ቤት፦ ከታች ጀምሮ እንዴት እንደሚቀባ

ጠቆር ያለ ሸክላማ ቀለም የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ቀለም ቤት ካርዱ ላይ ቴራኮታ ተብሎ የሚጻፈው ማለቴ ነው። ችግሩ አቀባቡ ላይ ነው። አራቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ኮርኒስ ይለቀለቃል፤ ክፍሉ ይጨልማል፤ ዓመት ሳይሞላው በክሬም ይሸፈናል። ከዚያ ቀለሙ «ይከብዳል» የሚል ስም ይወጣለታል።

ቀለሙ አይከብድም። ቦታው ነው የማይሆነው። ሸክላማ ቀለም ከታች ሲሆን ያምራል፤ ከወለል ተነስቶ ሰው ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ ራሱ እስከሚደርስበት፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ይህንን አሠራር ነው።

አሠራሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው የድሮው ሐረር፣ የሐረሪ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ቀዩ ወለልና ነደባው ነው። እየተደራረበ ከፍ በሚለው በዚያ መቀመጫ ላይ ለአባወራውም፣ ለእንግዳውም፣ ለሽማግሌውም የየራሱ ቦታ አለው። ከነደባው በላይ ግድግዳው ነጭ ነው። ስፌቱ፣ ሙዳዩ፣ የቆርቆሮ ሳህኑ የሚሰቀለው በዚያ ነጭ ላይ ነው። ወለሉ ቀይ የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ጦርነት ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ከታሪኩ ጋር ትልቅ የቤት ጥበብም አብሮ አለ። እነዚያ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ጥቂት ነው። በሩ ሲከፈት ከግቢ የሚገባው ብርሃን የላይኛውን ነጭ ይመታና ክፍሉን ይሞላዋል። ጠቆር ያለው ቀለም እግር ስር ስለሆነ ብርሃኑን አይቀማም።

ብሎኬት ቤት ውስጥ ነደባ የለንም። ወለሉም ሴራሚክ ወይም ሊሾ ነው። ስለዚህ ቀዩን ከወለል ትንሽ ወደ ላይ፣ ወደ ግድግዳው እናመጣዋለን።

1. መጀመሪያ ክፍሉን እዩ

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ቁጭ በሉ። መብራት አታብሩ። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባና የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚያርፍ ብቻ እዩ።

ሐረር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በበጋ ጥሩ ብርሃን ያገኛል፣ በክረምት ደብዘዝ ይላል። ወደ ሰሜን የሚያየው ደግሞ በበጋ ቀዝቃዛ ብርሃን ይይዛል፤ በዚህ ብርሃን ሸክላማ ቀለም ወደ ቡኒ ያደላል። ለእንዲህ ያለ ክፍል ቀላ ያለውን ምረጡ። ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል የተገላቢጦሽ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትገባ ቀለሙ ይቀጣጠላል፣ ብርቱካንማ ይሆናል። ከሰዓት በርጫ የምትይዙበት፣ ቡና የምታፈሉበት ክፍል ከሆነ ወደ ቡኒ የሚያደላውን ውሰዱ።

ጠቆር ያለ ሸክላማ ቀለም ከሚደርስበት ብርሃን የሚመልሰው ከ10 እስከ 25 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረውን ይውጠዋል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ላለው ክፍል አራቱንም ግድግዳ መሙላት አይመከርም። ኮሪደርና መግቢያ ግን ልዩ ናቸው። ሰው እዚያ ስለማይቆይ ሙሉውን ብትቀቡትም ያምራል፤ ከዚያ ወደ ሳሎን ሲገባ ሳሎኑ ሰፋ ብሎ ይታያል።

2. ቀለሙን በገል ምረጡ

የቀለም ካርድ ትንሽ ነው፤ ያታልላል። የስልክ ፎቶ ደግሞ ይብሳል። ስልኩ ቀለሙን በራሱ ያሞቀዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል።

እኔ የምመክረው የተሰበረ ሸክላ ነው። የገንቦ ገል፣ የምጣድ ስባሪ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና፤ ማንኛውም ይሆናል። ጭስ ያልጠቀረውን በኩል ምረጡ። ስባሪውን ክፍላችሁ ውስጥ ግድግዳው ላይ አስደግፉትና ቀን ሙሉ እዩት። አንዱ ገል ሮዝ ያለበት ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ጡብ የቀረበ። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ልዩነታቸው ፍጥጥ ብሎ ይታያል። የወደዳችሁትን ይዛችሁ ቀለም ቤት ሂዱ። «እንደዚህ አድርጉልኝ» ብሎ ገል ማስቀመጥ ስሙን ከማስረዳት ይቀላል።

ቀለም ቤቱ በማሽን የሚቀላቅል ከሆነ ለጠቆረ ቀለም የሚሆነውን መነሻ ቀለም እንዲጠቀሙ ጠይቁ። ነጭ ቀለም ላይ ቀይ ማቅለሚያ ቢያፈሱበት ሸክላ አይወጣም፤ የሚወጣው ሮዝ ነው። በእጅ የሚቀላቅሉ ከሆነ ደግሞ መነሻው የብረት ዝገት ቀይ ነው፤ ኦክሳይድ የሚሉት። በላዩ ቢጫ ኦክሳይድ፣ ከዚያ ጥቂት ነጭ፣ በመጨረሻ ጠብታ ጥቁር። ደማቅ የባንዲራ ቀይ አታስገቡ። ሸክላን ሸክላ የሚያደርገው ብረት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት እሳት ሲነካው ይቀላል። ቀለሙም ከዚሁ ከብረት ሲሠራ ፀሐይ አያነጣውም። ደማቁ ቀይ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ነገር ስለሚሠራ መስኮት አጠገብ ቶሎ ይደበዝዛል።

ከመግዛታችሁ በፊት ናሙና አስቀቡ። ግድግዳው ላይ በቀጥታ ሳይሆን ትልቅ ካርቶን ላይ ይሁን፣ ሁለት እጅ፤ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ማለት ነው። የውሃ ቀለም እርጥብ ሳለ ነጣ ይላል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ በባልዲ ውስጥ አይታችሁ አትወስኑ። ካርቶኑ ሲደርቅ በየግድግዳው እያዘዋወራችሁ፣ ማታ ደግሞ በመብራት እዩት።

3. ግድግዳችሁ ምንድን ነው?

ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ የውሃ ቀለም ይሆናል፤ ቀጣዮቹ ደረጃዎች ለእናንተ ናቸው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የድሮ ቤት ከሆነ ግን ቆም በሉ። ለእሱ ወደ ታች የራሱ ክፍል አለው፤ ወደዚያ እለፉ።

አዲስ ልስን ከሆነ 28 ቀን ይድረቅ። አትቸኩሉ። ያልደረቀ ሲሚንቶ ጨው ያወጣል። በክሬም ግድግዳ ላይ ጨው ብዙም አይታይም፤ በሸክላማ ቀለም ላይ ግን ነጭ ዱቄቱ ከሩቅ ይለያል። የሽንት ቤት ግድግዳን የሚዋሰን ክፍል ከሆነ ደግሞ የቧንቧ ፍሳሽ እንደሌለ አረጋግጡ። ታችኛው ግድግዳ ላይ እርጥበት ካለ መጀመሪያ ምንጩን አድርቁ፣ ከዚያ ቀለም። ቀለም እርጥበትን አይከለክልም፤ እርጥበቱ ራሱ ቀለሙን ገፎ ይጥለዋል።

4. ቁመቱና መጠኑ

ቁመቱን የሚወስነው አቀማመጣችሁ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሰው ፍራሽ ላይ ይቀመጣል፣ መከዳ ይደገፋል፣ ራሱን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ነጭ ግድግዳ ላይ ያቺ የምትታወቀው ቅባታም መስመር የምትወጣው ለዚህ ነው። ፍራሹን ዘርጉ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ረጅም የሆነውን ሰው አስቀምጡ፣ ከራሱ በላይ አንድ ስንዝር ጨምራችሁ ምልክት አድርጉ። ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ከ10 እስከ 1 ሜትር ከ20 ላይ ይውላል። ሶፋ ከሆነ ከሶፋው መደገፊያ በላይ አንድ ስንዝር አውጡት። በትክክል ግማሽ ላይ ግን አትቁረጡት፤ ክፍሉ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ከግማሽ በታች ወይም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋ።

አሁን ሒሳቡ። ክፍሉ 4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 16 ሜትር ነው። በ1.20 ሲባዛ 19 ካሬ ገደማ ይመጣል፤ የበሩን ቦታ ስትቀንሱ 18 ካሬ ይቀራል። ሸክላማ ቀለም ሦስት እጅ ይፈልጋል። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 9 ካሬ ያህል ይሸፍናል ብላችሁ ብታስቡ 6 ሊትር ያስፈልጋችኋል። ባለ 4 ሊትር ሁለት ጋሎን ግዙ፤ የሚተርፈው ለጥገና ይሆናል። የላይኛው ነጭ የበሩና የመስኮቱ ቦታ ሲቀነስ 23 ካሬ ገደማ ነው፣ ሁለት እጅ ይበቃዋል፤ 5 ሊትር ከጥቂት።

ሁለቱን ጋሎን በአንድ ጊዜ ግዙ። ከዚያ ሁለቱንም ትልቅ ባልዲ ውስጥ አፍስሳችሁ አንድ አድርጓቸው። አንድ ቀን የተቀላቀለ ቀለም ከሌላ ቀን ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ማሽኑም ቢሆን ይስታል። ግድግዳ መሀል ላይ የቀለም ለውጥ ቢወጣ ከዚያ ወዲያ መላ የለውም።

ለታችኛው ክፍል የሚታጠበውን፣ ጥቂት አብረቅራቂ የሆነውን ጠይቁ። ሙሉ ድፍን ማት፣ ጨርሶ የማያብረቀርቀው፣ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ራስና ጀርባ ሲነካው ይላጣል፣ ሲወለውሉት ይነጣል። በጣም የሚያብረቀርቀው ደግሞ የልስኑን ጉብታ ሁሉ ያወጣል። መሀከለኛውን ውሰዱ። ላይኛው ማት ይሁን።

5. ግድግዳውን ማዘጋጀት

ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ግን ጠቆር ያለ ቀለም ምንም አይደብቅም። ስንጥቁን በስፓቱላ ከፈት አድርጋችሁ ስቱኮ ሙሉ፣ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ አምፖል ግድግዳው ጎን አስጠግታችሁ አብሩ። በጎን የሚመጣ ብርሃን ያልተሞላውን ጉድጓድ ሁሉ ያሳያችኋል።

የድሮ ዘይት ቀለም ያለበት ግድግዳ ከሆነ ደረቁን አትፈትጉ። የቆየ ዘይት ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው በተለይ ለልጆች አደገኛ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለውን የሊድ መጠን ከሚሊዮን 90 ክፍል ላይ ገድባለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ያው ግድግዳው ላይ አለ። ውሃ እየነከራችሁ በእርጥቡ ፈትጉ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ልጆችን ወደ ጎረቤት ላኩ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ።

ከዚያ ፕራይመር፤ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ። ነጭ ፕራይመር ላይ ሸክላማ ቀለም ቢቀባ በሦስተኛው እጅም ነጩ ያጮልቃል። ቀለም ቤቱን «ፕራይመሩንም ወደ ሸክላ አቅልሙልኝ» በሏቸው። ግማሽ ያህል ቢቀላ በቂ ነው።

6. መስመሩ

ሙሉ ሥራው በዚህ መስመር ያምራል ወይ ይበላሻል። ከወለል እየለካችሁ አታስምሩ። ወለላችን ብዙ ጊዜ ዘመም ያለ ነው፤ መስመሩም አብሮ ይዘምማል። ግልጽ ቀጭን ጎማ ውሃ ሙሉ፣ አንዱን ጫፍ ምልክቱ ላይ ያዙ፣ ሌላውን ወደሚቀጥለው ማዕዘን ውሰዱ። ሁለቱ ጫፍ ላይ ውሃው ሲረጋ ትክክለኛው ልክ ያ ነው። ግንበኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከዚያ ሲባጎ በጠመኔ አሽታችሁ በሁለቱ ምልክት መካከል ወጥሩና መሀሉን ስባችሁ ልቀቁት። ቀጥ ያለ መስመር ታትሞ ይቀራል።

የቀባችሁት ነጭ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ደርቆ መሆን አለበት። መስመሩን ተከትላችሁ የቀቢ ፕላስተር ለጥፉ፤ የታችኛው ጠርዙ መስመሩ ላይ ይሁን። አሁን አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ቀቢ የሚዘለው። የፕላስተሩን የታችኛውን ጠርዝ በዚያው በላይኛው ነጭ ቀለም አንዴ በስሱ ቀቡት። በፕላስተሩ ስር ሾልኮ የሚገባው ነጭ ይሆናል፤ ነጩ ደግሞ ነጭ ላይ ስለሆነ አይታይም። ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ሸክላማው ሊገባ አይችልም። ሲደርቅ ሸክላማውን ቀጥሉ። የመጨረሻው እጅ ገና እርጥብ ሳለ ፕላስተሩን ቀስ አድርጋችሁ፣ ወደ ራሱ አጥፋችሁ ሳቡት። ከደረቀ በኋላ ቢሳብ ቀለሙን ይዞት ይመጣል።

7. መቀባት

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው። ኮርኒስ፣ ከዚያ የላይኛው ነጭ፣ በመጨረሻ ሸክላማው። ነጩ ድፍን የበረዶ ነጭ አይሁን። ጥቂት ቢጫ ወይም ክሬም ጠብ ይበልበት። ቀዝቃዛ ነጭ ከሸክላ ጋር ሲገጥም ቀለሙን ያቆሽሸዋል። ኮርኒሱንም በዚያው ነጭ ቀቡ፤ ክፍሉ ከፍ ይላል።

ሸክላማውን ጠርዝ ጠርዙን በብሩሽ፣ መሀሉን በሩሎ። ሩሎውን ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ሳትነሱ ጎኑን ደርቡ። ቁም ነገሩ ያለፈው ጠርዝ ሳይደርቅ የሚቀጥለውን ማያያዝ ነው። አንድ ግድግዳ ጀምራችሁ ምሳ አትሂዱ። መሀል ላይ ካቆማችሁ መጋጠሚያው ጠቆር ብሎ ይቀራል። ሁለት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ በብሩሽ ይቀድማል፣ አንዱ በሩሎ ይከተላል።

ቀለሙን በውሃ አታቅጥኑት። ቆርቆሮው ላይ ካልተጻፈ በቀር ከ10 በመቶ በላይ ውሃ አይገባም። ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «አቦ ችግር የለውም፣ ሁለት እጅ ይበቃዋል» ይላችኋል። ለክሬም እውነቱን ነው። ለሸክላማ ቀለም ግን አይበቃም። የመጀመሪያው እጅ ያስደነግጣል፤ ጭረት ጭረት ይላል፣ ነጩ ይታያል። አትረበሹ። ሁለተኛው ያስማማዋል፣ ሦስተኛው ጥልቀቱን ይሰጠዋል። በየመሀሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ጠብቁ፤ ዝናብ ባለበት ሳምንት ከሆነ ሌሊቱን አሳድሩት። የሚሻለው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

የድሮ ቤት፣ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ

እንዲህ ያለ ግድግዳ ይተነፍሳል። እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ያወጣል። የፕላስቲክ ቀለም ወይም ሲሚንቶ ሲለብስ መውጫ ያጣና ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ከክረምት በኋላ ቀለሙ ከነልስኑ ይወርዳል። ለእሱ የሚሆነው ኖራና አፈር ነው።

ላይኛው ክፍል በኖራ ይቀባ። ኖራውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ቢቻል ቀናት ይቆይ፣ በወንፊት አጥሉ፣ ከወተት ትንሽ ወፈር እስኪል በውሃ አቅጥኑ። ግድግዳውን በውሃ አርሱ። ከዚያ በስሱ ሦስት ወይም አራት እጅ። ኖራ ወፍራም ሲሆን ይቀረፈፋል። እርጥብ ሳለ ግልጽ ነው፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ስለዚህ «አልያዘም» ብላችሁ አታወፍሩት። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት የግድ ነው።

ለታችኛው ሸክላማ ክፍል ኖራ ላይ ቀይ መቀላቀል ይቻላል፤ ግን ገደብ አለው። ለ10 ኪሎ ደረቅ ኖራ ከ1 ኪሎ በላይ ማቅለሚያ ብታስገቡ አይይዝም፣ ልብስ ላይ ይወጣል። ኖራው ራሱ ነጭ ስለሆነ ደግሞ የሚወጣው ፈዘዝ ያለ ሸክላ ነው። ጥልቅ ቀለም ከፈለጋችሁ አፈሩን ራሱን ተጠቀሙ። ንጹሕ ቀይ አፈር ፈጭታችሁ በጥሩ ወንፊት ንፉ። ደቃቅ አሸዋ ጨምሩበት፣ ከዱቄት የተቀቀለ ሙጫ ጨምሩበት፣ በብሩሽ እስኪሄድ በውሃ ለውሱት። በአንድ ክንድ ቦታ ላይ ሞክሩት። ሲደርቅ ከተሰነጠቀ አሸዋ ያንሰዋል። በእጅ ሲታሽ ከለቀቀ ሙጫ ያንሰዋል። ሙከራው ከተስማማችሁ ሁለት እጅ ቀቡ፤ በመጨረሻ ገና ረጠብ ሳለ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ክዳን አሹት። ላዩ ይጠጥራል፣ ውሃ ካላፈሰሳችሁበት ይቆያል። የዚህን ቀለም ጥልቀት የትኛውም ጋሎን አይሰጣችሁም። ፀሐይ ሲነካው ከውስጥ ይበራል።

ይህን ሥራ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት በየሰፈሩ ያሉ የሐረሪ እናቶች ናቸው። ጎረቤት ካሉ ቡና ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ። የየትኛው ሰፈር አፈር እንደሚይዝ፣ ምን እንደሚጨመርበት ከነምክንያቱ ይነግሯችኋል።

ደግሞም ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለ የዓለም ቅርስ ነው። ክፍል ውስጥ ቀለም ማደስ አንድ ነገር ነው። ነደባ ማፍረስ፣ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን፣ የውጭውን ገጽታ መለወጥ ሌላ ነው። ወደዚያ ከመግባታችሁ በፊት የቅርስ ባለሙያ አማክሩ።

ድሬ ዳዋ ላላችሁ

አሠራሩ ያው ነው፤ ሙቀቱ ግን ሥራውን ይለውጠዋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 አካባቢ። ድሬ ላይ ቀለም ሩሎው ላይ ሳለ መድረቅ ይጀምራል። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ሥሩ፣ ከሰዓት አርፉ። ማራገቢያ አጥፉ፣ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ጋርዱ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጣሪያቸው ከፍ ያለ የድሮ ቤቶች አሉ፤ እዚያ መስመሩን እስከ ሜትር ተኩል ብታወጡት ይችላል። የውጭውን ምዕራባዊ ግድግዳ ግን ሸክላማ አትቀቡ። ጠቆር ያለ ቀለም የከሰዓት ፀሐይ ጠጥቶ ማታ ወደ ውስጥ ይተፋዋል፤ እንቅልፍ የለም።

መብራትና ዕቃ

ቀለሙ ካለቀ በኋላ አምፖሉን ቀይሩ። ቤታችን ውስጥ የተለመደው ነጭ ኢኮኖሚ አምፖል 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፤ ሰማያዊ ያለበት። በእሱ ስር ሸክላማ ቀለም እንደ ሞተ ቡኒ ይታያል። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዙ። በዋጋ ብዙም አይለያዩም፤ ክፍሉ ግን ሌላ ክፍል ይሆናል።

ስፌቱን ነጩ ላይ ስቀሉ፣ ከመስመሩ በላይ። ሸክላማው ላይ ሲሰቀል ቀዩ ከቀዩ ይጋጫል። ፍራሹ ከሸክላማው ፊት ስለሚሆን ልብሱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ ወይም የሰንበሌጥ ቀለም ቢሆን ደስ ይላል። መኪና ግርግር በሚባለው የጀጎል መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ልኩን ይዛችሁ ከሄዳችሁ እዚያው ይሰፉላችኋል። ደማቅ ቦርዶ ሶፋና የሚያብለጨልጭ ሳቲን መጋረጃ ካላችሁ ግን ከሸክላማ ቀለም ጋር አይስማሙም። መጋረጃውን በአቡጀዴ ወይም በስስ ሸማ ብትለውጡት ብርሃኑ ተጣርቶ ይገባል።

የተረፈውን ቀለም አፉ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር ከሌለው አይደርቅም። ላዩ ላይ የክፍሉን ስም፣ የተገዛበትን ቀን፣ ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ጽፋችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ግድግዳው ሲቆሽሽ በለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ አብሱ። በረኪና አይነካው። የተጫረ ቦታ ካለ በትንሽ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉት፤ ጠርሙሱን ግን መጀመሪያ በደንብ ናጡት፣ ኦክሳይዱ ከታች ይዘቅጣል።